ኤላት ወይስ ራስ መሐመድ?

ጎንደር አብረን ያደግን፣ አሁን እስራኤል የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። መጻፍ አይወድም፤ የሚልክልኝ ሁሉ የድምፅ መልእክት ነው። በቀደም የላከው እንዲህ ይጀምራል፦ «ስማ፣ አንተ የማታነበው ነገር የለም፤ እስቲ አንድ ነገር ምረጥልኝ።»

ነገሩ የዕረፍት ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና አማቱን ይዞ ለሦስት ቀን ወደ ቀይ ባሕር መውረድ አስቧል። ልጆቹ ስኖርክል ካልወሰድከን ብለው ሰንገው ይዘውታል። ለማታውቁት፣ ስኖርክል ማለት መነጽር አጥልቆ፣ መተንፈሻ ቱቦ ነክሶ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ ከላይ ላዩን እየዋኙ ከሥር ያለውን ማየት ነው። እንደ ጠላቂዎች የአየር ጋን መሸከም የለበትም። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ እዚያው ኤላት ያለው የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ፤ ሌላው ድንበር ተሻግሮ በግብጽ ሲናይ ጫፍ ላይ ያለው የራስ መሐመድ ብሔራዊ ፓርክ።

«የትኛው ይሻላል? ልጆቹ ዓሣ ማየት ይፈልጋሉ፤ እኔ መተኛት እፈልጋለሁ፤ አማቴ ደግሞ ጭራሽ ባሕር ማየት አይፈልጉም» አለኝ።

እኔና እሱ ዋና የተማርነው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። ኮራል የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ይህንንም ያውቃል። የጠየቀኝ የታሪክ ሰው ስለሚያደርገኝ ነው። ስለዚህ የመለስኩለትም በታሪክ ነው። መልሱ ለድምፅ መልእክት ስለረዘመ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ

ለልጆች ኤላት ይቀላል። ጥብቅ ሥፍራው ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ኮራሉም የሚጀምረው ከአሸዋው ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ነው። ሰው እየረገጠው እንዳይገባ ከዳርቻው ተነስተው ወደ ውሃው የሚዘልቁ ድልድዮች ተሠርተዋል። በድልድዩ ሄደህ ጫፉ ላይ ትወርድና ራስህን ከኮራሉ ውጫዊ ጠርዝ ታገኘዋለህ። የሚዋኝበት መስመር በተንሳፋፊ ምልክት ተለይቷል። ጥላ አለ፤ መነጽርና ቱቦ ማከራያ አለ፤ መግቢያ ይከፈላል።

ራስ መሐመድ ሌላ ዓለም ነው። ከሻርም አል-ሼክ ከተማ በስተደቡብ፣ የሲናይ ምድር እንደ ምላስ ሾሎ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ፓርኩ የብሱና ባሕሩ ተደምሮ 480 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የስዊዝና የአቃባ ባሕረ ሰላጤዎች እዚያ ይገናኛሉ። ኮራሉ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው፤ ፊትህን ነክረህ ስትዋኝ ከሥርህ ሁለት ሜትር የነበረው ውሃ ድንገት ታቹ የማይታይ ገደል ይሆናል። ዋና ለሚችል ሰው ከዚህ በላይ የለም። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ውሃው በአንዳንድ በኩል ጉልበተኛ ነው፤ ጥላውም ጥቂት ነው፤ የሚጠጣውንና የሚበላውን ተሸክሞ መግባት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የታባ ኬላ ወረፋና መንግሥታቸው ስለ ሲናይ በየጊዜው የሚያወጣው የጉዞ ማስጠንቀቂያ አለ።

ጥያቄው የዓሣና የጥላ ብቻ ቢሆን ኤላት ብዬ እዚህ ላይ በጨረስኩ። ግን ሁለቱም ዳርቻዎች መዝናኛ ሆነው የተወለዱ አይደሉም። ሌላው ደግሞ የአማቱ ነገር ነው። እኚህ ሴት በልጅነታቸው በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። ወዳጄ ይህን ያውቃል፤ በየት በኩል ከሱዳን እንደወጡ ግን አስቦበት አያውቅም።

የነዳጅ ጎረቤት

ኤላት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃት ስም ናት። ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን የሠራባት ዔጽዮንጋብር በኤላት አጠገብ እንደነበረች ተጽፏል፤ ባሕሩንም መጽሐፉ የኤርትራ ባሕር ይለዋል። የዛሬዋ ከተማ ግን አዲስ ናት። በመጋቢት 1949 የእስራኤል ወታደሮች ሲደርሱ የነበረው ኡም ረሽረሽ የሚባል፣ ጥቂት የጭቃ ቤቶች ያሉት የፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነበር። ባንዲራ ስላልያዙ ነጭ ጨርቅ ላይ በቀለም ሥለው ሰቀሉ።

በ1960ዎቹ የኮራሉ ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ያው አሥርት ዓመት ግን ሌላ ውሳኔም ይዞ መጣ። በ1967ቱ ጦርነት የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ ነዳጅን ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን የሚያሻግር መንገድ ተፈለገ። ከኤላት እስከ አሽኬሎን የሚደርስ ቧንቧ በ1968 ተዘረጋ፤ ሸሪኩም በሻህ ዘመን የነበረችው ኢራን ነበረች። ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ከጥብቅ ሥፍራው ብዙም ሳይርቁ ማራገፍ ጀመሩ፤ ዘይትም በተደጋጋሚ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ የሆነውን ነገር ዮሲ ሎያ የተባለ የባሕር ተመራማሪ መዝግቦታል። በ1970 ባሕሩ ከወትሮው በላይ ሸሸ፤ ላይኛው ኮራል ለፀሐይ ተጋልጦ በብዛት ሞተ። ሎያ ሁለት ቦታ እያወዳደረ ይከታተል ነበር፤ አንዱ ዘይት የሚደርስበት ጥብቅ ሥፍራ፣ ሌላው ከዘይት የራቀ፣ ማንም ያልከለለው ኮራል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተመቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለከት ከዘይት የራቀው አገግሟል፤ ጥብቅ የሚል ታፔላ የነበረው ግን አላገገመም።

ይህችን ነገር ያዟት። ታፔላ ብቻውን ኮራል አያድንም። ሕጉ የሰውን እግር ከልክሎ የዘይት መርከብን ካላስቆመ፣ የተከለከለው ደካማው ብቻ ነው ማለት ነው። እኛም ሀገር ደን ውስጥ እንጨት የለቀመችን እናት አስሮ ደኑን ለባለሀብት የሚሰጥ አሠራር አይተናል፤ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ቀጥሎ በኤላት ሰሜናዊ ዳርቻ ባሕሩ ውስጥ የዓሣ እርባታ ጎጆዎች ተዘረጉ። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻ ኮራሉን እየጎዳ ነው በሚሉ ተመራማሪዎችና በአርቢዎቹ መካከል ለዓመታት ክርክር ሆነ። በመጨረሻ በመንግሥት ውሳኔ ጎጆዎቹ በ2008 ወጡ። በ2020 ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በተደረገ ስምምነት የባሕረ ሰላጤው ነዳጅ በኤላት በኩል በብዛት እንዲያልፍ ታቅዶ ነበር፤ ሳይንቲስቶችና ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩም ጭማሪውን ገደበው። ዛሬ የወዳጄ ልጆች መነጽር አጥልቀው የሚያዩት ዓሣ ሃምሳ ዓመት የተሟገቱ ሰዎች ያተረፉት ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ዓለም ላይ ያለው ኮራል በውሃ ሙቀት እየነጣ ሲሞት፣ የዚህ ሰሜናዊ ጫፍ ኮራል ሙቀትን በመቋቋም ይታወቃል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ቀደምቶቹ ከሕንድ ውቅያኖስ ገብተው ወደ ሰሜን የተስፋፉት እጅግ ሞቃት በሆነው ደቡባዊ ቀይ ባሕር በኩል ነው ይላሉ። በባብ አል-መንደብና በእኛው ጎረቤት ውሃ ላይ ሙቀቱን ያልቻለው ቀረ፤ የቻለው አለፈ። የኤላት ኮራል የዚያ የደቡብ መንገድ ተራፊ ነው።

ከጦርነት በኋላ የመጣ ፓርክ

ራስ መሐመድ በ1967 ከመላው ሲናይ ጋር በእስራኤል እጅ ገባ። እስራኤላውያን ሻርም አል-ሼክ አጠገብ ኦፊራ የምትባል ሰፈር ቆረቆሩ፤ ጠላቂዎችም ከየሀገሩ መምጣት ጀመሩ። ከዚያ በ1978 የካምፕ ዴቪድ ድርድር፣ በ1979 የሰላም ውል መጣ፤ በውሉ መሠረት እስራኤል በሚያዝያ 1982 ከሲናይ ወጣች።

ግብጽ መሬቷን በተረከበች በዓመቱ፣ በ1983፣ የጥብቅ ሥፍራዎችን ሕግ አወጣችና ራስ መሐመድን የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርኳ አደረገች። አስቡት። ስንት ወታደር የወደቀበትን ምድር ተረክቦ መጀመሪያ ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ለዓሣና ለኮራል መከለል። በኋላም በ1992 ከሻርም በስተሰሜን ናብቅና አቡ ጋሉም ተጨመሩ። ናብቅ ውስጥ በጨው ውሃ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ አለ።

ይህ ማለት ግን ሻርም ገነት ሆነች ማለት አይደለም። ከፓርኩ ውጭ ያለው ዳርቻ ሆቴል በሆቴል ሆነ፤ ብዙው ኮራልም በጀልባ መልሕቅና በሰው እግር ተጎዳ። ፓርኩ የቆመው ለሆቴል ያልተሰጠ ስለሆነ ነው።

ልጆቹን የሚያስቅ ነገር ከተፈለገ ደግሞ ይኸውላችሁ። በ1980 ዮላንዳ የምትባል የቆጵሮስ ጭነት መርከብ ራስ መሐመድ ላይ ካለው ኮራል ተላትማ ተሰበረች። ጭነቷ የሽንት ቤት መቀመጫ ነበር። መርከቧ በኋላ ወደ ጥልቁ ወረደች፤ ነጫጭ መቀመጫዎቹ ግን እዚያው ተበትነው ቀሩ፤ ዓሣ ይኖርባቸዋል፤ ቦታውም በስሟ ይጠራል።

አሩስ

አሁን ወዳጄ ያልጠየቀኝ ሦስተኛ ዳርቻ ላይ ደረስን። ከራስ መሐመድ ተነስተህ ባሕሩን ይዘህ ወደ ደቡብ ብትወርድ፣ የግብጽን ዳርቻ ጨርሰህ ሱዳን ትገባለህ። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አሩስ የምትባል ቦታ አለች።

የሱዳን ባሕር በጠላቂዎች ዘንድ ስመ ጥር ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1963 ሰዎች ባሕር ሥር ለሳምንታት የሚኖሩበትን ቤት የተከለው ፖርት ሱዳን አቅራቢያ ባለ ሻዓብ ሩሚ በሚባል ኮራል ላይ ነው። ይህን ስም ያዩ ጣሊያናዊ ባለሀብቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሩስ ላይ የመዝናኛ መንደር ሠሩ፤ 15 የሚሆኑ ቀይ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች፣ ፊታቸው ባሕር፣ ጀርባቸው በረሃ። ግን መንገድ የለም፣ መብራት የለም፣ የሚጠጣ ውሃ የለም። ጥለውት ሄዱ።

በዚያን ጊዜ እኛ ሀገር የሚሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ ወይም ወላጆቻችሁ ያስታውሳሉ። ደርግ ነው፤ መውጣት ክልክል ነው። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ቤተ እስራኤሎች በእግራቸው ተነስተው ወደ ሱዳን ይጎርፉ ነበር። መንገዱን ከከፈቱት አንዱ ፈረደ አክሉም የሚባል መምህር ነው፤ እሱ ራሱ ቀድሞ ሱዳን ገብቶ ሌሎች እንዲከተሉት መልእክት የሚልክ ሰው ነበር። ገዳሪፍና ኡም ራኩባ አካባቢ ያሉት መጠለያዎች ሞሉ። በመንገድ ላይ በሽፍታ፣ በመጠለያ በተስቦና በተቅማጥ ሕዝብ አለቀ። በጉዞውና በሱዳን የሞቱት ቤተ እስራኤሎች ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ሱዳን ከእስራኤል ጋር በጠላትነት ስለነበረች ሰዎቹን በግልጽ ማውጣት አይቻልም። የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሰዎች ዳርቻውን ሲያስሱ የተተወውን የአሩስ መንደር አገኙት። በስዊዘርላንድ ኩባንያ ስም ከሱዳን መንግሥት ተከራዩት። ጄነሬተር አስገቡ፤ የመጥለቂያ ዕቃ አመጡ፤ ምግብ አብሳይና ሾፌር ከአካባቢው ቀጠሩ፤ በአውሮፓ የሚበተን የማስታወቂያ ወረቀት አሳተሙ። የሽፋን ሥራ ነበር፤ ግን እንግዳ መጣ። አውሮፓውያን ጠላቂዎች መጡ፤ ካርቱም ያሉ ዲፕሎማቶች መጡ፤ የሱዳን ባለሥልጣናትም ለመዝናናት መጡ። ቀን ቀን ዋና የሚያስተምረው ሰውዬ አንዳንድ ሌሊት ጭነት መኪና ይዞ ይጠፋል።

የሚሄደው ወደ ገዳሪፍ ነው፤ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ። በሌሊት ተነስተው፣ ቀን ቀን ተደብቀው፣ ኬላ በጉቦና በፍጥነት እያለፉ ሰዎቹን ወደ ባሕሩ ያመጣሉ። ጭው ባለ ዳርቻ ላይ የእስራኤል ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ይጠብቃሉ። በጀልባዋ ተጭነው ጥልቁ ላይ ወደቆመችው ባት ጋሊም ወደምትባል መርከብ ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው የባሕር ጉዞ የተደረገው በኅዳር 1981 ነው። በመጋቢት 1982 በነበረው ጉዞ የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ተኩስ ከፈቱ፤ ጀልባዋ ለጥቂት አመለጠች። ከዚያ በኋላ ሥራው በዋናነት ወደ አየር ዞረ፤ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በረሃው ላይ እያረፉ ሰው ያነሱ ጀመር። መንደሩ ግን እስከ 1985 እንግዳ ሲቀበል ቆየ። በሚያዝያ ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርድ ሰዎቹ በጥድፊያ ጠፉ፤ እንግዶቹ አስተናጋጆቻቸውን ፍለጋ ቀሩ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያውቁት በ2019 በኔትፍሊክስ በወጣው ፊልም ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። ፊልሙ ውስጥ የእኛ ሰዎች በብዛት የሚታዩት ተደርድረው ሲጫኑ ነው። በታሪኩ ግን መንገዱን በእግራቸው የጀመሩት፣ ያደራጁት፣ የቀበሩትም እነሱ ናቸው። መኪናው የመጣው ከሞላ ጎደል ሁሉን ነገር ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው።

አሁን ካርታውን ዘርጉት። ከአሩስ ተነስታ ወደ ሰሜን የምትወጣ የእስራኤል መርከብ የምታመራው ወዴት ነው? ወደ ሲናይ ጫፍ። ወደ ራስ መሐመድ። በኅዳር 1981 ደግሞ ያ ጫፍ ገና በእስራኤል እጅ ነበር፤ ለግብጽ ሊመለስ አምስት ወር ቀርቶታል። ወዳጄ ለልጆቹ ዋና የመረጠው ውሃ አማቱ በልጅነታቸው የተጓዙበት መንገድ ነው።

የአሩስ ዳርቻ ዛሬ ምንም የለውም። የሱዳን ባሕር ራሱ የተከበረ ነው፤ ሳንጋኔብና ዱንጎናብ የሚባሉት የባሕር ፓርኮች በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። በ2023 የጀመረው ጦርነት ግን ሀገሩን በላው፤ ፖርት ሱዳን የተፈናቃይና የመንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ በ2025 እሷም በድሮን ተመታች። ለስኖርክል አሩስ ሂድ የምለው ሰው የለም።

ምጽዋ

ይህን ሁሉ ጽፌ ምጽዋን ብዘል ታላላቆቼ አይምሩኝም። የእነሱ ባሕር እሷ ነበረች። ከአስመራ ቁልቁል ተወርዶ፣ ብርዱን ትቶ ሙቀት ውስጥ የሚገባባት፤ ጉርጉሱም አሸዋ ላይ ቤተሰብ የሚሰፍርባት፤ የባሕር ኃይል ቀን በጥር ሲከበር የውጭ መርከቦች የሚሰለፉባት። ፊት ለፊቷ ከመቶ በላይ ደሴቶች ያሉት ዳህላክ አለ። በ1952 እና 1953 የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን እዚያ ከርሞ ነበር፤ ፎልኮ ኩይሊቺ የቀረጸው ፊልም የዳህላክን ባሕር ሥር ለአውሮፓ ሲኒማ አሳየ። በ1962 እና 1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ፈቃድ ወደ ዳህላክ መጥተው የባሕሩን ፍጥረት አጠኑ። ፈረንጅ መጥቶ ያየውን እኛ ስንቶቻችን አየነው?

ዳህላክን እኛ በብዛት የምናውቀው በናኩራ ነው። ጣሊያን እስር ቤት አድርጎት የነበረ፣ በወረራው ዘመንም ኢትዮጵያውያን የተጋዙበት፤ በደርግ ጊዜ የሶቪየት ባሕር ኃይል የሰፈረበት ደሴት። በየካቲት 1990 ምጽዋ በሻዕቢያ ተያዘች፤ ከተማዋም በቦምብ ፈራረሰች። በ1993 ኤርትራ ነፃ ሀገር ሆነች። በ2018 ሰላም ወረደ ተብሎ አውሮፕላን ሲጀመር ምጽዋ ደርሰው እግራቸውን ነክረው የመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ያ በርም ተዘጋ።

አንድ ነገር ግን ልናገር፤ የሚከፋው ይክፋው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየሚዲያው ስለ ባሕር የማናወራበት ቀን የለም። ግን ቃላችንን ስሙት፤ «የባሕር በር» ነው የምንለው። በር እንጂ ባሕር አይደለም። መርከብ የሚገባበት፣ ማዳበሪያና ነዳጅ የሚራገፍበት። በባሕሩ ውስጥ ምን እንደሚኖር፣ ዳርቻው የማን ማረፊያ እንደሚሆን፣ ልጆች ምን እንደሚያዩበት የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ባሕር በነበረን ጊዜም ለኮራሉ የከለልነው ነገር እምብዛም አይታወስም፤ የሚታወሰው ወደቡ፣ መርከቡና ጦሩ ነው። ባሕርን በር ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው በሩን ቢያገኝም የሚያደርገው ኤላት በ1968 ያደረገችውን ነው፤ ኮራሉ ጎን ቧንቧ መዘርጋት። ጣናን በእምቦጭ አስወርረን፣ ሐሮማያን አድርቀን (በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ቢታይም) የተማርነው ትምህርት ይህንን መርሳት የለበትም።

እንግዲህ ምርጫው

ለወዳጄ የመጨረሻ መልሴ ይህ ነበር። ኤላት ሂድ። ጠዋት በማለዳ ግቡ፤ ከቀትር በኋላ የሰሜኑ ነፋስ ውሃውን ያንቀሳቅሰዋል። ለልጆቹ ቅባት ከመደርደር እጅጌ ያለው የዋና ልብስ አልብሳቸው፤ አንዳንዱ የፀሐይ ቅባት ኮራል ይጎዳል። ምንም አይንኩ፣ ምንም አይመግቡ፤ አንዳንዱ ኮራል በዓመት አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አያድግም፤ አንድ እርግጫ የአያትህን ዕድሜ ይሰብራል። ራስ መሐመድን ልጆቹ ዋና ሲጠነክሩ፣ ድንበሩም ሲረጋጋ ትሄድበታለህ፤ እሱ አይሸሽም።

«አማትህን ደግሞ» አልኩት፣ «ባሕር ለምን እንደማይወዱ ጠይቃቸው። ካልፈለጉ ተዋቸው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ። ከጀርባው የልጆች ጩኸት ይሰማል። ጠይቋቸዋል። በልጅነታቸው፣ በሌሊት፣ እናታቸው ነጠላ ሸፍነዋቸው፣ በጎማ ጀልባ ነው የወጡት። ከዚያ በፊት ባሕር አይተው አያውቁም፤ ጨለማ ስለነበር ያኔም አላዩትም። የሚያውቁት ድምፁንና ጨዉን ነው። ታናሽ ወንድማቸው ገዳሪፍ ቀርቷል፤ የቀበሩት በአባታቸው እጅ ነው። ለልጆቻቸውም ይህን ሁሉ እንዲህ በቅደም ተከተል ተናግረው አያውቁም።

ኤላት ላይ የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ሥር ተቀምጠው የልጆቹን ጫማ ሲጠብቁ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ትንሿ ልጅ እጃቸውን ይዛ ድልድዩ ላይ ወጣች። እግር ሳይነክሩ፣ ከላይ ሆነው፣ ድልድዩን ተደግፈው ቁልቁል አዩ። ብዙ ቆዩ አለኝ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«‹ታቹ ይታያል ለካ› ነው ያሉት። ከዚያ ቁርስ አዘዙ።»

ቸር እንሰንብት።